ደጋፊ ባልነበረው ፍጻሜ የተመዘነ ኳስ ማሳያ ቤት

ኳስ ማሳያ ቤትን አርሰናል ከማንችስተር ዩናይትድ በሚጫወቱበት ቀን ሄዶ መገምገም ዋጋ የለውም። በዚያ ቀን ሰው ቆሞም ያያል፣ በመስኮት ተንጠልጥሎም ያያል። ምስሉ ቢደበዝዝ፣ አግዳሚው ቢነቃነቅ፣ ሻዩ ቢቀዘቅዝ የሚያስተውል የለም። ቤቱን ሞቅ የሚያደርገው ደጋፊው ነው፤ ባለቤቱ በሩን ከፍቶ ገንዘብ ከመቀበል በቀር ምንም ባይሠራ እንኳ ሰው ተደስቶ ይወጣል። እኔ ቤት የምመዝነው ማንም «የእኔ» የሚለው ቡድን በሌለበት ጨዋታ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው አገልግሎቱ ብቻ ነው፤ ያልተመቸው ሰው ተነስቶ ይሄዳል፣ የሚያስቀረው ነገር የለም።

ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ለዚህ የተመቸ ነበር። የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ክሪስታል ፓላስ ከማንችስተር ሲቲ። ሀዋሳ ውስጥ የፓላስን ማሊያ ለብሶ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። የሲቲ ደጋፊ አለ፤ ነገር ግን ያን ዓመት ሊጉን ሊቨርፑል ስለወሰደባቸው ብዙዎቹ ቤታቸው ተሸሽገው ከርመዋል። የዩናይትድ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ሐሳባቸው ግን በቀጣዩ ረቡዕ ከቶተንሃም ጋር በሚጠብቃቸው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ላይ ነው። እኔም ብሆን የእንግሊዝ ቡድን የለኝም። የእኔ ቡድን ሀዋሳ ከተማ ነው፤ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ሊጉን ያነሳው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትዕግሥት ያስተማረኝ።

ቤቱ አቶቴ ሰፈር ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ተገብቶ ከበርበሬ ወፍጮው ቀጥሎ ይገኛል። በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም። ያለው የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ በዚያ ምሽት «ባላስ ከሲቲ፣ ፍጻሜ፣ 12:30» ይል ነበር። የወንድሜ ልጅ ሆሄውን ሊያርም ጠመኔ ሲፈልግ በእጁ ጎትቼ አስገባሁት። ወፍጮው ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ስለማይሠራ በርበሬው አያስነጥስም፤ እሑድ ከሰዓትም እንዲሁ። በሥራ ቀን በጊዜ የሚጀምር ጨዋታ ለማየት የሚሄድ ሰው ግን መሐረብ ይያዝ።

መግቢያው ለሊግ ጨዋታ 30 ብር፣ ለፍጻሜ 50 ብር ነው። ገንዘብ የሚቀበለው ልጅ ማኅተም የተደረገበት ቁራጭ ካርቶን ይሰጣል፤ በእረፍት ሰዓት ወጥቶ ለመመለስ ያገለግላል። ለሴት ቅናሽ የለም። አንዳንድ ቤት «ሴት በነጻ ትግባ» ይላሉ፤ እኔ አልወደውም። በነጻ የገባ ሰው ቅሬታ ለማቅረብ አፉ አይከፈትለትም፣ እኔ ደግሞ ቅሬታ አላጣም።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ወንበር ላይ ምሕረት የለኝም። ከፊት ያሉት ረድፎች መደገፊያ የሌላቸው የእንጨት አግዳሚዎች ናቸው፤ ለወጣት ወገብ የተሠሩ። የኋለኞቹ ረድፎች ግን በሲሚንቶ ደረጃ ከፍ ተደርገው መደገፊያ ያላቸው የፕላስቲክ ወንበሮች ተቀምጠውባቸዋል። ይህን ደረጃ ያሠራ ሰው ኳስ ተመልካች መሆኑ ያስታውቃል። ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ኮፍያ አድርጎ ነበር፤ እኔ ግን በኮፍያው ላይ አሻግሬ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አየሁ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው መሃል ካለው የጣሪያ ምሰሶ ነው። በስተግራ ጥግ የተቀመጠ ሰው የቴሌቪዥኑን ሲሶ ምሰሶው ይወስድበታል፤ በዚያ ምሽት እዚያ የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች አንገታቸውን አጣምመው ነው ያመሹት። ቦታው ባዶ ከሆነ ምክንያት አለው፣ አትቸኩሉ።

ምስሉን በሚመለከት ቤቱ ብዙዎቹን ይበልጣል። በፕሮጀክተር ፈንታ ሁለት ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ናቸው ግድግዳው ላይ ያሉት። ጨዋታው ሲጀመር ፀሐይ ገና ወደ ሐይቁ እያዘቀዘቀች ነበር፤ በሩ ደግሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ፕሮጀክተር ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የምናየው ነጭ ጨርቅ ነበር። እዚህ በወፍራም መጋረጃ በሩን ጋረዱት፣ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ ታየ፣ የማሊያው ቁጥር ተነበበ። ዲሹ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አልታሰረም፤ ግቢው ውስጥ በሲሚንቶ የተተከለ ብረት ላይ ነው ያለው፣ መኖሪያ ቤቶች ላይ ከምናየውም ሰፋ ይላል። በግንቦት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከባድ ዝናብ የሳተላይትን ምልክት ያዳክማል፣ ነፋስ ደግሞ ጣሪያ ላይ የታሰረን ዲሽ በጥቂቱ ካነቃነቀው ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ያሰቡት ባለቤቱ ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር፤ አሁንም የደረት ኪሳቸው ውስጥ ካቻቪቴ አይጠፋም። ቤቱ የቆመው በዚህ ሙያቸው እንደሆነ በሁለተኛው አጋማሽ አየሁ። የፓላሱ ዳንኤል ሙኞዝ ያገባው ሁለተኛ ጎል ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ከተሻረ ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ። አምፖሉ ጠፋ፣ የጣሪያው ማራገቢያ እየዘገየ ቆመ፤ ቴሌቪዥኖቹ ግን ዓይናቸውን እንኳ አልጨፈኑም። ጋሼ ዲኮደሩንና ቴሌቪዥኖቹን በባትሪና በኢንቨርተር አያይዘዋቸዋል። ጄኔሬተሩን ልጁ ወጥቶ ያስነሳው ከዚያ በኋላ ተረጋግቶ ነው፤ እሱም ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ጭሱም ጩኸቱም አልደረሰብንም። ሌላ ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድ የሚሆነውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ፣ ከዚያ ዲኮደሩ እንደገና ተነስቶ ቻናሉን እስኪያገኝ ድረስ ጎል ገብቶ፣ ተከራክረውበት፣ ተረስቶ ይቆያል።

ግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ስልክ ላይ ያዩትን ለራስዎ ይያዙ»። ሕጉ የመጣው በስፖርት ውርርዱ ምክንያት ነው። ከለንደን የሚነሳው ምስል ተጨምቆ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ሳተላይት ወጥቶ፣ ተመልሶ ወርዶ፣ ዲኮደሩ ፈትቶት እስኪታይ ድረስ ሰከንዶች ያልፋሉ። የውርርድ መተግበሪያው ግን ጎል መግባቱን በቁጥር ብቻ ስለሚያሳውቅ አንዳንዴ ምስሉን ይቀድማል። በዚያ ምሽት በ16ኛው ደቂቃ የሆነውን ስሙ። ፓላስ እስከዚያ ድረስ ኳሱን እምብዛም አልነካውም። በድንገት ፊት ለፊቴ ያለ ወጣት፣ ሲቲ ያሸንፋል ብሎ ያስያዘ ይመስለኛል፣ ስልኩን አየና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ በኋላ ነው እኛ ማቴታ ኳሱን ይዞ ሲያቆይ፣ ሙኞዝ ከቀኝ መስመር ሲያሻግር፣ ኤቤሬቺ ኤዜ ሳያቆማት ሲመታት ያየነው። ቤቱ ለጎሉ ከመጮኹ በፊት ለልጁ ጮኸበት። ጋሼ ከበሩ ሆነው «አንተ ልጅ፣ ፊትህም እኮ ያወራል!» አሉት። ከዚያ በኋላ ስልኩን በግልባጩ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አመሸ። ጋሼ የውርርድ ትኬት በቤታቸው እንዲሸጥ አይፈቅዱም፤ ይጠቅመኛል ብሎ የጠየቃቸው ሰው እንደነበረ ሰምቻለሁ። ለዚህ ብቻ አንድ ነጥብ እጨምርላቸዋለሁ።

የድምፁ ነገር ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ተንታኙ በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ ጋሼ የሚሰማ ያህል አድርገው ይተዉታል እንጂ ቤቱን አያንቀጠቅጡትም። ስለዚህ ሰው ይነጋገራል። ደጋፊ በሌለበት ጨዋታ ጥሩ ቤት የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ ክርክሩ ይሰማል። የፓላሱ ግብ ጠባቂ ዲን ሄንደርሰን ከሳጥኑ ውጪ ወጥቶ የሲቲው አጥቂ ሃላንድ ሊደርስባት የነበረችውን ኳስ በእጁ ሲነካት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በቪዲዮ ዳኝነት ታይቶ ቀይ ካርድ አልተሰጠም። ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ በወጣትነታቸው የሰፈር ውድድሮችን ያጫወቱ አዛውንት ሳይነሱ አስረዱን፦ በእጅ መንካቱ ጥፋት ነው፣ ማባረር ግን ግልጽ የጎል ዕድል ሲጨናገፍ ነው፣ ሃላንድ ደግሞ ኳሷን ሲከተል ከጎሉ ወደ ጎን እየራቀ ነበር። ግማሹ ቤት አልተዋጠለትም፤ እኔም እስካሁን አልተዋጠልኝም። ነገር ግን አንድም ሰው አልተሳደበም፣ ወንበርም አልተወረወረም።

ጥቂት ቆይቶ በርናርዶ ሲልቫ ሳጥን ውስጥ ወደቀ፣ የፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። ሃላንድ ኳሱን ለቡድን ጓደኛው ለማርሙሽ ሰጠው። «ለምን ይሰጠዋል?» ያለው ያ ሁለት እጁን አናቱ ላይ የጫነው ልጅ ነበር፤ ድምፁ የሚያሳዝን ነበር። ሄንደርሰን አዳነው፤ ቀድሞ መውጣት ነበረበት የተባለው ሰው። ከዚህ በኋላ ቤቱ ውስጥ ገለልተኛ ሰው አልቀረም፤ ሁሉም ፓላስ ሆነ። የሚገርመው ግንባር ቀደሞቹ የዩናይትድ ደጋፊዎች መሆናቸው ነው። ፓላስ እስከዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ለዚህ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ2016፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈው ዩናይትድ ነው። «እኛ ነን ያሰለጠንናቸው» እያለ አንዱ እስከ መጨረሻው ሲኩራራ ነበር።

አሁን ወደ ዓሳው። የጋሼ ባለቤት ከጓሮ በትልቅ ብረት ድስት ይጠብሳሉ። ዓሳው የሐይቁ ቆሮሶ ነው፣ ሙሉውን፣ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ዘይቱ እስከ አጥንቱ የገባበት፤ ጅራቱ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ከዳቦና ከዳጣ ጋር 250 ብር ነው። ዳጣው በየቀኑ የሚሠራ መሆኑ ይታወቃል፤ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ገና ትኩስ ነው፣ ቃሪያው አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ሐይቅ ዳር ባሉት ትልልቅ ቤቶች ከዚህ እጥፍ ከፍዬ ከዚህ ያነሰ በልቻለሁ። ችግሩ ጊዜው ነው። የእረፍቱ 15 ደቂቃ ለአንድ ድስት አይበቃም፤ ዓሳ በእረፍት ያዘዘ ሰው የሚበላው ሁለተኛው አጋማሽ ተጋምሶ ነው። አንድ ዓይኑን ቴሌቪዥን ላይ አድርጎ በድንግዝግዝ አጥንት የሚለቅም ሰው ደግሞ አንድ ቀን እኛ መድኃኒት ቤት መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ስትገቡ እዘዙ፣ «ለእረፍት ይድረስ» በሉ። አሳላፊው ልጅ «እሺ እትዬ» ካለ አይረሳም። ሻዩ ቅርንፉድ ይበዛበታል፣ ቡናው ጥሩ ነው፣ ለስላሳው ቀዝቃዛ ነው፤ ቢራ የለም፣ ጋሼ አያስገቡም።

እጅ መታጠቢያው ግን ያሳፍራል። ግቢው ውስጥ ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሰቅሏል፣ ከበታቹ ባልዲ አለ፣ ሳሙና የለም። ዓሳ በእጅ የሚበላበት ቤት ሳሙና የለም! ልጁን ስጠይቀው «ይሰረቃል» አለኝ። ይሰረቅ እንግዲህ፤ በሽቦ ታስሮ የሚንጠለጠል ሳሙና በየትምህርት ቤቱ ይሠራል፣ እዚህ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ መቀርቀሪያው ተነቅሎ በቦታው ሽቦ ይጠመዘዛል። ወንዶቹ ችግሩን አያዩትም፣ ወደ ወፍጮው ግድግዳ ይሄዳሉና። እኔ የወንድሜን ልጅ በር ላይ አቁሜ በስልኬ መብራት ነው የገባሁት። ኢንቨርተር አስቦ የገጠመ ሰው መቀርቀሪያ መግጠም እንዴት ያቅተዋል? ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። ካቻቪቴያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፣ መልሰው ከተቱት።

ዳኛው 10 ደቂቃ ጨመሩ። ሲቲ ኳሱን ከጨዋታው ሦስት አራተኛ በላይ ይዞ ቆይቶ አንዲት ጎል አጣ፤ ተቀይሮ የገባው ወጣቱ ኤቼቬሪ ሞከረ፣ ሄንደርሰን እንደገና መለሰ። 1 ለ 0 አለቀ፤ የፓላስ የመጀመሪያው ታላቅ ዋንጫ። እዚህ ላይ የዚህን ቤት ትልቁን መልካምነት ልናገር። ብዙ ቤት ፊሽካው እንደተነፋ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል ወይም ቻናሉን ይቀይራል፤ ሰው ይውጣ፣ የሚቀጥለው ይግባ ነው። ጋሼ አላጠፉም። በጉዳት የወጣው አምበል ማርክ ጉዬሂ ከነባሩ ጆኤል ዋርድ ጋር ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ደጋፊዎች ሲያለቅሱ ሁሉንም አየን። ልጁ አግዳሚዎቹን ማነሳሳት ሲጀምር ጋሼ በእጃቸው ምልክት አስቆሙት። የፍጻሜ ዋጋ የከፈልነው ለዚህም ነው። ክረምት ላይ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በባለቤትነት ሕጉ ምክንያት ፓላስን ከዩሮፓ ሊግ ወደ ኮንፈረንስ ሊግ ሲያወርደው ከእኔ በላይ የተናደዱት እሳቸው ነበሩ፤ በአንድ ምሽት ደጋፊ ሆነው ቀሩ።

ምሽት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ከዚያ ሰፈር መውጣት ለሴት ያስቸግራል ወይ ለምትሉ፦ ልጁ ከተነገረው አስፋልቱ ድረስ ሄዶ ባጃጅ ይጠራል፣ ዋጋውንም አስቀድሞ ይነጋገራል። መንገዱ ላይ ግን መብራት የለም።

ከ10 ሰባት ብያለሁ። ሦስቱን ያጎደልኩት ሁለቱን በሳሙናውና በመጸዳጃው ነው፣ አንዱን በጥቁር ሰሌዳው። ሰሌዳው ላይ የእንግሊዝ አለ፣ የስፔን አለ፣ የጣሊያን አለ፤ የእኛ የለም። የሀገራችን ሊግ በ2013 ዓ.ም. በዲ ኤስ ቲቪ መታየት ጀምሮ ሳለ፣ ዲኮደሩም እዚያው ተቀምጦ ሳለ። ባጃጁን ስጠብቅ ጋሼን አነሳሁባቸው፤ «የእኛስ ዋንጫ? የእኛስ ሊግ?» አልኳቸው።

«ሰው አይመጣም፣ ልጄ።»

«ዲቻ ዛማሌክን ሲጥል አልመጣም?» አልኳቸው። ይህን ሀዋሳ ውስጥ ለማንም ማስታወስ አያስፈልግም ብዬ ነበር። ወላይታ ዲቻ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ በመለያ ምት መከላከያን አሸንፎ ወሰደ፣ በዚያ ዋንጫ አፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ገባ፣ በ2010 ዓ.ም. እዚሁ ሀዋሳ ላይ የግብፁን ዛማሌክ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ በመለያ ምት አሰናበተው። ፓላስ ሲቲን ማሸነፉ የሚያስደንቅ ከሆነ ይህኛውን ምን እንበለው? በዚያን ጊዜ እኔ የሐይቆቹ፣ የሀዋሳ ከተማ፣ ደጋፊ ሆኜ ሳለሁ ለጦና ንቦች፣ ለዲቻዎች፣ አጨብጭቤያለሁ። ደጋፊ ባልሆነበት ጨዋታ ሰው ይመጣል ማለት ነው፤ በዚያ ምሽት ቤታቸው ውስጥ ከነበርነው አንዳችን እንኳ የፓላስ ሰው አልነበርንም።

ጋሼ ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉት። «አንቺ ሰው አምጪ፣ እኔ እከፍታለሁ» አሉኝ። ሰው እያሰባሰብኩ ነው፤ ከመድኃኒት ቤቱ ሦስት፣ ከወንድሜ ልጅ ክፍል አንድ ረድፍ የሚሞላ ተገኝቷል። መግቢያው 30 ይሁን ወይስ 50 ግን ገና አልተስማማንም።